ከጆሮ እስከ አፍ አራት አውራ ጣት

ጥያቄው፦ «የአምስተኛ ክፍል የግብረ ገብ መምህርት ነኝ። ክፍሌ ውስጥ 60 ልጆች አሉ። "ታማኝነት ምንድን ነው?" ብዬ ስጠይቅ ትርጉሙን ቃል በቃል ይጽፉልኛል። እዚያው ፈተና ላይ ግን ይኮራረጃሉ። አንድ ሥልጠና ላይ የጥንት የሩቅ ምሥራቅ ፈላስፎች፣ በተለይ ኮንፊሽየስ፣ ሥነ ምግባርንና ትምህርትን ሳይነጣጥሉ ያስተምሩ እንደነበር ሰማሁ። እንዴት አድርገው? ዘዴ ነበራቸው ወይስ ምክር ብቻ ነው? ለእኔ ክፍል የሚሆን ነገርስ አለው?»

መምህርት፣ ጥያቄዎን ሳነብ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ሹንዚ ነው። ሹንዚ ከኮንፊሽየስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ የመጣ፣ የእሱን መንገድ የተከተለ አሳቢ ነው። የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ ስለ ትምህርት ነው። እዚያ ላይ እንዲህ ይላል፦ በምግባሩ ትንሽ የሆነ ሰው ትምህርት በጆሮ ይገባና በአፍ ይወጣል። ከጆሮ እስከ አፍ ያለው ርቀት አራት ጹን ብቻ ነው። ታዲያ ሰባት ጫማ የሚረዝመውን ሰውነት በምን አቅሙ ያሳምረዋል?

ጹን የድሮ የቻይና መለኪያ ነው። የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህላል። ልጆችዎ ታማኝነትን የሚያውቁት አራት አውራ ጣት ያህል ነው ማለት ነው። ሰምተውታል፣ ጽፈውታል፣ ማርኩን ወስደዋል። ወደ እጃቸው ግን አልወረደም። ሹንዚ የጨዋ ሰው ትምህርት የሚለው ሌላ ነው። በጆሮ ገብቶ ልብ ላይ ይጣበቃል፣ ወደ እጅና ወደ እግር ይሰራጫል፣ ሰውየው ሲንቀሳቀስም ሲቀመጥም ይታይበታል።

ስለዚህ አዎ፣ ዘዴ ነበራቸው። ዘዴያቸው ባጭሩ ይህን ማውረድ ነው።

ኮንፊሽየስ የተወለደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ነው። አገሩ ሉ ትባል የነበረች ትንሽ ግዛት ናት፤ የትውልድ ከተማው ቹፉ ዛሬ ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ውስጥ ትገኛለች። አባቱ የሞተው ገና ልጅ ሳለ ነው። በወጣትነቱ የእህል ጎተራ ሒሳብ ይዟል፣ የከብት ግጦሽም ተቆጣጥሯል። «ልጅ ሳለሁ ዝቅ ያልኩ ስለነበርኩ ብዙ ተራ ሥራ መሥራት ቻልኩ» ያለው ራሱ ነው። ንግግሩን ሰብስበው ያቆዩልን ተማሪዎቹና የተማሪዎቹ ተማሪዎች ናቸው። ስብስቡ ሉንዩ ይባላል፤ 20 አጫጭር ምዕራፎች አሉት።

ለማስተማር የሚጠይቀው ክፍያ አንድ እስር ቋንጣ ነበር። ይህን ያህል ይዞ የመጣን ሰው ሳላስተምር መልሼ አላውቅም ይላል። ትምህርት የመሳፍንት ልጆች ብቻ በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዘዴው። ሉንዩ መጀመሪያ አካባቢ፣ ለእኔ የሁሉም ቁልፍ የሆነ አንድ አጭር ክፍል አለ። ወጣት ቤት ውስጥ ሲሆን ወላጆቹን ያክብር። ከቤት ሲወጣ ታላላቆቹን ያክብር። ጥንቁቅና ታማኝ ይሁን። ሰውን ሁሉ ይውደድ፣ ወደ ደጎች ይጠጋ። ይህን ሁሉ አድርጎ ኃይል ከተረፈው ደግሞ መጽሐፍ ይማር።

ኃይል ከተረፈው! ቅደም ተከተሉን ይዩት። እኛ ሙሉውን ቀን ለመጽሐፉ ሰጥተን በሳምንት አንዲት ክፍለ ጊዜ ለምግባሩ እንቆርሳለን። ያችንም ክፍለ ጊዜ መልሰን መጽሐፍ እናደርጋታለን፤ ትርጉም፣ ባዶ ቦታ ሙላ፣ እውነት ወይም ሐሰት።

ሉንዩ የሚከፈተው መማርና የተማሩትን በየጊዜው መለማመድ ምንኛ ደስ ያሰኛል በሚል ሐሳብ ነው። «መለማመድ» የሚለውን ቃል የሚጽፉበት የቻይንኛ ፊደል ላይኛው ክፍሉ ላባ ነው። አንድ የጥንት መዝገበ ቃላት ቃሉን «ደጋግሞ መብረር» ብሎ ይፈታዋል። የወፍ ጫጩት ክንፏን ታማታለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ታማታለች። ስለ መብረር ትርጉም ጽፋ የበረረች ወፍ የለችም። ክለሳ ሲባል እኛ የምናስበው ደብተር መድገም ነው። እነሱ የሚያስቡት ክንፍ ነው።

ታዲያ ምን ነበር የሚለማመዱት? በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ያውቃቸዋል የሚባሉት ስድስት ሙያዎች ናቸው፦ ሥርዓት፣ ሙዚቃ፣ ቀስት፣ ሠረገላ መንዳት፣ ጽሕፈትና ሒሳብ። ከስድስቱ ተቀምጦ የሚሠራው ሁለት ወይ ሦስት ቢሆን ነው። የቀረው ሰውነት ይፈልጋል።

ቀስትን እንይ። ኮንፊሽየስ ጨዋ ሰው አይፎካከርም፣ ከተፎካከረም ቀስት ላይ ነው ይላል። ተወዳዳሪው ወደ መወርወሪያው ሲወጣ ለባልንጀራው እጅ ነስቶ ቅድሚያ ይሰጣል። ሲወርድ አብረው ይጠጣሉ። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ተከታዩ ሜንሺየስ ደግሞ አንድ ነገር ይጨምራል። ቀስተኛ መጀመሪያ አቋሙን ያስተካክላል፣ ከዚያ ቀስቱን ይለቃል። ቢስት ያሸነፈውን ሰው አይጠላም፣ ጥፋቱን ዞሮ ራሱ ላይ ይፈልጋል። ይህን ሐሳብ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጽፉት አንድ መስመር ነው፤ «ለጥፋታችን ኃላፊነት እንውሰድ»። ልጁ ይገለብጠዋል። ቀስት ይዞ ሲቆም ግን ክንዱ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ ፍላጻው ከዒላማው ውጭ ያርፋል። ሰው ሁሉ እያየ ነው። ነፋሱን ልውቀስ ወይስ እግሬን ላስተካክል? ኃላፊነት መውሰድ ማለት እዚያች ቅጽበት ላይ የሚሆነው ነው። ደጋግሞ እግሩን ያስተካከለ ልጅ ትርጉሙን ባይጽፍም ያውቀዋል።

ሥርዓት የሚሉትን ደግሞ እኛ አገር ያደገ ሰው ብዙ ማብራሪያ አይፈልግበትም። በቻይንኛ ሊ ይባላል። እንዴት ሰላምታ እንደሚሰጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ፣ ለሐዘንተኛ እንዴት እንደሚቀረብ፣ ዕቃ እንዴት እንደሚቀበሉ። ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ማስታጠቢያና ማንቆርቆሪያ ይዞ የሚዞረውን ትንሽ ልጅ ያስቡት። ከታላቁ ይጀምራል። ጎንበስ ይላል። ውሃው እንዳይረጭ ቀስ አድርጎ ያፈሳል። የእንግዳውን እጅ እያየ ይቆማል፣ በቃኝ እስኪባል አይቸኩልም። ያ ልጅ ስለ አክብሮት አንድም ቃል አልሰማም። ትከሻውና ወገቡ ግን አክብሮትን እየተማሩ ነው። ኮንፊሽየስ የሚለው ይህን ነው። ስሜቱ ሁልጊዜ ቀድሞ አይመጣም። ሰውነት በሥርዓት ሲያዝ ልብ ቀስ ብሎ ይከተላል።

ግን ባዶ ሥርዓትም አይፈልግም። ሰው ሰብዓዊነት ከሌለው ሥርዓት ምን ይፈይድለታል ብሎ ይጠይቃል። ለዚህ ነው ሙዚቃ ያስፈለገው። ሰው በግጥም ይነሣሣል፣ በሥርዓት ይቆማል፣ በሙዚቃ ይሞላል ይላል። እሱ ራሱ ቺ በምትባል ግዛት ሳለ ሻኦ የሚባለውን የጥንት ሙዚቃ ሰምቶ ለሦስት ወር የሥጋ ጣዕም እንዳልታወቀው ሉንዩ ይነግረናል። ለእሱ ሙዚቃ የትርፍ ጊዜ ማለፊያ አልነበረም። ከሌላው ጋር እኩል መግባት፣ ማዳመጥ፣ ድምፅን መመጠን የሚለመደው እዚያ ነው። ትምህርት ቤቶቻችን ጊዜ ሲጠብባቸው መጀመሪያ የሚሠርዙት የሙዚቃን ክፍለ ጊዜ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

ሌላው ነገር፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም። ዚሉ የሚባል ተማሪው «አንድ መልካም ነገር ስሰማ ወዲያው ልፈጽመው?» ብሎ ጠየቀ። «አባትህና ታላላቆችህ እያሉ እንዴት ወዲያው?» አለው። ራን ዮ የሚባለው ያንኑ ጥያቄ ሲያቀርብ «አዎ፣ ወዲያው» አለው። ሁለቱንም የሰማ ሦስተኛ ተማሪ ግራ ተጋብቶ መምህሩን ጠየቀ። መልሱ ይህ ነበር፦ ራን ዮ ወደ ኋላ ስለሚል ገፋሁት፤ ዚሉ የሁለት ሰው ወኔ ስላለው ያዝኩት። መልስ ሳይሆን ሰው ነው የሚያየው።

ቸኩሎ መልስ የመስጠት ልማድም የለውም። አንድ ማዕዘን አሳይቼው የቀሩትን ሦስቱን ይዞልኝ ለማይመጣ ተማሪ አልደግምለትም ይላል። ጭካኔ ይመስላል። የቅኔ ቤት ሰዎች ግን ይገባቸዋል። የቅኔ መምህር መንገዱን ካሳየ በኋላ ተማሪው ራሱ ወጥቶ፣ ተክዞ፣ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ ይመጣል። መምህሩ ያርማል እንጂ አይቆጥርለትም። ቻይናና ጎጃም ተማክረው አይደለም። ትምህርት ከሰው ውስጥ እንዲወጣ የፈለገ ሁሉ የሚደርስበት ነገር ይመስለኛል።

አሁን ደግሞ ከሉንዩ ሁሉ በጣም የምወደውን ቦታ ልንገርዎት። ሚየን የሚባል ዓይነ ስውር የሙዚቃ መምህር ኮንፊሽየስን ሊጎበኝ መጣ። በዚያ ዘመን ብዙ የሙዚቃ መምህራን ዓይነ ስውራን ነበሩ። እንግዳው ደረጃው ጋ ሲደርስ ኮንፊሽየስ «ይህ ደረጃ ነው» አለው። ምንጣፉ ጋ ሲደርስ «ይህ ምንጣፉ ነው» አለው። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ «እከሌ እዚህ ነው፣ እከሌ እዚያ ነው» እያለ ነገረው። እንግዳው ከሄደ በኋላ ዚዣንግ የሚባለው ተማሪ «የሙዚቃ መምህርን የማነጋገሪያ መንገድ ይህ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «አዎ፣ የሙዚቃ መምህርን የመርጃ መንገድ ይህ ነው» አለው። ታሪኩ እዚያው ያልቃል።

ይህን ሳስተምር ብዙ ጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል። ስብከት የለበትም። «ርኅራኄ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ አልተጠራም። እንግዳው እንዳይደናቀፍ፣ ከማን ጋር እንደተቀመጠ ሳያውቅ እንዳይሸማቀቅ ተደርጓል፣ በቃ። ደግሞ ጥያቄው የመጣው ከተማሪው ነው። መምህሩ «ልብ በሉ፣ አሁን ርኅራኄ ላስተምራችሁ» አላለም። ሠራው፣ ተማሪዎቹም አዩት። አንድ ቀን ተማሪዎቹ የደበቀን ነገር አለ ብለው ሳይጠረጥሩት አልቀሩም መሰለኝ፣ «ከእናንተ የምደብቀው የለም፤ ከእናንተ ጋር የማልካፈለው አንድም ሥራ የለኝም» ብሏቸዋል። የግብረ ገብ መጽሐፉ እሱ ራሱ ነበር።

ከእሱ በኋላ ሜንሺየስና ሹንዚ የሰው ተፈጥሮ ጥሩ ነው፣ አይደለም በሚለው ተለያይተዋል። ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ክርክር ነው፣ ለእርስዎ ጥያቄ ግን ብዙም አያስፈልግም። ከሜንሺየስ አንድ ታሪክ ብቻ ይውሰዱ። የሶንግ ግዛት ገበሬ ቡቃያው አላድግ ስላለው አንድ በአንድ ወደ ላይ ሳብ ሳብ አደረገው። ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ደከመኝ፣ ቡቃያውን ሳሳድግ ዋልኩ» አለ። ልጁ ሮጦ ሄዶ ሲያይ ሁሉም ደርቋል። ከሹንዚ ደግሞ ይህን፦ የሚንጋደድ አረም ቀጥ ብሎ በሚያድገው የሄምፕ ተክል መካከል ከበቀለ ደጋፊ ሳያስፈልገው ቀጥ ይላል። ማለትም ልጅ ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የከበደ ነገር መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም የእርስዎን ችግር ቻይና ራሷ አይታዋለች። ከሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ የመንግሥት ሹመት በፈተና መስጠት ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1905 እስኪቀር ድረስ ወደ 1300 ዓመት ቆየ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሉንዩ ራሱ ከፈተናው ዋና መጻሕፍት አንዱ ሆነ። ለድሀ ልጅ በር ከፍቷል፣ ይህን አልክድም። ግን ሚሊዮኖች «ኃይል ከተረፈ መጽሐፍ ይማር» የሚለውን መጽሐፍ ሌት ተቀን ሸመደዱት። በጥቃቅን ፊደል ጥንታውያን መጻሕፍት የተገለበጡባቸው የውስጥ ልብሶች ዛሬም ሙዚየም ውስጥ አሉ። ለመኮረጃ የተሠሩ ናቸው። ስለ ታማኝነት የሚያስተምርን መጽሐፍ ለመኮረጅ! እና መምህርት፣ የእርስዎ ልጆች ከሌላው የከፉ አይደሉም። ምግባር ማርክ ሲሰጥበት የሚሆነው ይህ ነው።

በዚህ ላይ በጣም ከተቆጡት አንዱ ዋንግ ያንግሚንግ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1472 እስከ 1529 የኖረ ባለሥልጣን፣ የጦር አዛዥና ፈላስፋ። እያወቀ የማያደርግ ሰው ገና አላወቀም ይላል። ልጁ ወላጁን ማክበር ያውቃል የምንለው ሲያከብር አይተን ነው። በቻይና ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ደቡባዊ ክፍል አስተዳዳሪ ሳለ ለአካባቢው ልጆች ትምህርት ቤቶች መመሪያ ጻፈ። ለእርስዎ ከኮንፊሽየስ ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ለትንንሽ ልጆች የተጻፈ ነው።

የዘመኑን መምህራን እንዲህ ይወቅሳል። ልጆቹን እንደ እስረኛ በጅራፍና በገመድ ይይዟቸዋል፤ ስለዚህ ልጆቹ ትምህርት ቤቱን እንደ ወህኒ ያዩታል፣ መምህራቸውን እንደ ጠላት። ልጅ እንደ ቡቃያ ነው፣ ሲለቁት ይለመልማል፣ ሲጫኑት ይጠወልጋል። 200 ፊደል መያዝ ለሚችል ልጅ 100 ብቻ ስጡት ይላል። ኃይል ይትረፈው፣ ደስ እያለው ይማር።

ቀኑን የሚጀምረው በጥያቄ ነው። ጠዋት ልጆቹ ሰላምታ ሰጥተው ሲገቡ መምህሩ እያንዳንዱን በተራ ይጠይቃል። ቤት ውስጥ ወላጆችህን በመውደድ ሰንፈሃል? መንገድ ላይ ስትሄድ ሥርዓት አጉድለሃል? በንግግርህ ሰው አታለሃል? ልጁ እውነቱን ይናገራል። ጥፋት ካለ ያርማል፣ ከሌለ ይበረታል። መምህሩ በዚያው ጉዳይ ላይ በለሆሳስ ይመክረዋል፣ ልጁም ወደ መቀመጫው ይሄዳል። ንባቡ ከዚያ በኋላ ነው።

የልጅ ብዛትንም አስቦበታል። ክፍሉን በአራት ቡድን ይከፍላል። በየቀኑ አንዱ ቡድን ግጥም ይዘምራል፣ ሌሎቹ በጸጥታ ያዳምጣሉ። በየአምስት ቀኑ አራቱም በተራ ይዘምራሉ። ሥርዓት ለመለማመድም እንዲሁ ቡድን ይፈራረቃል፤ አንዱ ይሠራል፣ የቀሩት ያያሉ። የእርስዎ 60 ልጆች በዚህ ስሌት 15፣ 15 ይሆናሉ።

አንድ ነገር ሳልሸፍን ልለፍ። ከሚታወቁት የኮንፊሽየስ ተማሪዎች መካከል ሴት የለችም። ታላቅን ማክበር የሚለውም በኋለኞቹ ዘመናት ልጅንና ሚስትን ዝም ማሰኛ ሆኖ አገልግሏል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወጣት ቻይናውያን ይህን በብርቱ ተቃውመዋል፣ ምክንያትም ነበራቸው። ስለዚህ መላ ሥርዓቱን እንዲገለብጡ አይደለም የምመክረው። የሚወሰደው ዘዴው ነው።

ለክፍልዎ እኔ ብሆን ከዚህ እጀምር ነበር። ከሳምንቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ላይ መጽሐፉን ይዝጉት። ልጆቹን በአራት ይክፈሉና ለአንዱ ቡድን እውነተኛ ሥራ ይስጡ፤ የክፍሉን ጠመኔና መጻሕፍት ቆጥሮ መረከብና ማስረከብ፣ አዲስ የመጣን ልጅ ግቢውን ማዞር፣ ውሃ መቅጃው ጋ ትንንሾቹን ማስቀደም። የቀሩት ያያሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተራው የእነሱ ነው። የጎደለ ጠመኔ ካለ «ጎድሏል» ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ታማኝነት የሚለመደው እዚያ ላይ ነው። መዝሙርም ይጨምሩ፣ ሲዘምሩ አንዱ የሌላውን ድምፅ መስማት ይለምዳል።

የዋንግን የጠዋት ጥያቄም ይሞክሩት። 60ውን በአንድ ቀን አይችሉም፤ በቀን አምስት ልጅ ይበቃል። ጠረጴዛዎ አጠገብ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሌላው ሳይሰማ ይሁን። እውነቱን የተናገረ ልጅ በዚያ ምክንያት አንድም ቅጣት አይድረስበት፣ አለዚያ በማግስቱ የሚሰሙት ውሸት ነው። አንዳንዴ ልጆቹ እርስዎንም እንዲጠይቁ ይፍቀዱላቸው። «ቲቸር፣ ትናንት ደብተራችንን አርማለሁ ብለው አላረሙም» ካሉዎት «እውነት ነው፣ አጥፍቻለሁ፣ ዛሬ አርማለሁ» ይበሉና በዚያው ቀን ያርሙት።

ማርክ ግን አይስጡበት። ከሮስተሩ ውስጥ አይግባ። ርዕሰ መምህሩ «ታዲያ በምን ይመዘናል?» ካሉ፣ ለፈተናው የሚሆነውን ትርጉም በተለመደው መንገድ ያስተምሩና ይፈትኑ። የቡድኑን ሥራና የጠዋቱን ጥያቄ ከዚያ ለይተው ያቆዩት። ልጆቹ አምስት ማርክ እንዳለው ካወቁ ለጠዋቱ ጥያቄም መልስ አጥንተው ይመጣሉ።